የአራቱ ሰከንዶች ከበባ

በፎርማጆ ሠሪው በዳግማዊ ፊርሚን ዘመን፣ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ የጣሪያው በረዶ ቀልጦ የጫካው ገና ሳይቀልጥ፣ በሚያዝያ መባቻ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የላ ኮምብ መንደር እመቤት፣ የሽቦ ገሪ፣ የመንኮራኩር አስታራቂ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጸጉር የቀጠነውን የሰዓት ሽቦ በወረንጦ ይዘው ትንፋሻቸውን ውጠው የኖሩት ማዳም ብላንዲን ዱኮመን፣ ግራጫ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የጎማ ጫማቸውን ተጫምተው፣ መዳፍ የምታክል ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ቤታቸው ወደ ፎርማጆ ቤት ወረዱ።

ይህ ዓመት ለእርሳቸው ከባለቤታቸው ከሰዓት ሠሪው ከሙሴ ኦሬል ዕረፍት ወዲህ ሁለተኛው ነበር፤ በዚያም ሊቆጠር በተገባው ነበር። ነገር ግን በላ ኮምብ ዘመን የሚቆጠረው በፎርማጆ ሠሪ ነው፤ የሽያጭ፣ የሞት፣ የጋብቻና የጠፉ ድመቶች ወረቀት ሁሉ የሚለጠፈው በእርሱ በር ላይ ነውና። ቀዳማዊ ፊርሚን ሠላሳ ስምንት ዓመት ገዝተው በሰላም አረፉ፤ ልጃቸውም ቢላዋውንና በሩን ወረሱ።

በወረቀቷም ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦

«ለሽያጭ የቀረበ። ያገለገለ የወንድ የክት የእጅ ሰዓት፤ ወርቅ፣ ስስ፣ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ። በዚሁ በመንደራችን ከተሠራ አርባ ሦስት ዓመቱ። የኖረው በአንድ ሰው ክንድ ነው። ሳጥኑ አለ። በቀን አራት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ብላንዲን ዱኮመን።»

ዋጋው አልተጻፈም። መዘግየቱ ግን ተጻፈ፤ በላ ኮምብ የሰዓትን ጉድለት ሸሽጎ መሸጥ አንካሳ ፈረስን በተኛበት እንደ መሸጥ ይቆጠራልና። በሌላው ዓለም አርባ ሦስት ዓመት የሠራ ሰዓት በቀን አራት ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ባለቤቱ ይኩራራል፤ ጎረቤቱም ይቀናል። ላ ኮምብ ግን፣ ምንም እንኳ ፋብሪካዋ ከተዘጋና የበረዶ መንሸራተቻ ማስቀመጫ ከሆነ ሃያ ዓመት ቢያልፋት፣ ከአራት ሰው ሦስቱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በማጉያ መነጽር ያረጀባት አገር ናት። ማዳም ብላንዲን ይህን ያውቁ ነበር። ግን እውነቱን ከጻፉ በኋላ ሰው ያነበበውን ሁሉ ያምናል፣ የሚያምነውንም ይተወዋል ብለው አሰቡ፤ ስሕተታቸውም ይህ ነበር።

ዳግማዊ ፊርሚን ወረቀቷን ባነበቡ ጊዜ የሚቆርጡት ፎርማጆ መሃል ላይ ቢላዋቸው ቆመ። እንዲህም ብለው አወጁ፦

«ኧረ ማዳም ብላንዲን፣ ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ብንተዋትስ? ሐሙስ ሐሙስ ከታችኛው ሸለቆ የሶቢዬ ሰዎች ቅቤ ሊገዙ ይመጣሉ እኮ!»

«ይምጡ። ቅቤውንም ሰዓቱንም ይግዙ።»

«አይ፣ እርስዎ አልገባዎትም። አንብበው ይስቁብናል። የላም ደወል ሠሪ ይሳቅብን?»

«ፊርሚን፣ ለጥፈው ልጄ። ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ተለጠፈም።

ስለ ሰዓቱም የሚነገረው ይህ ነው። ገጹን የሣሉት ሙሴ ሌዎፖልድ ካላም ናቸው። ጥርሶቹንና መንኮራኩሩን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገውን መቆለፊያ የገጠሙት ሙሴ አሚ ሳንዶ ናቸው። ከጸጉር የቀጠነውን ሽቦ የገሩት፣ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የነበሩት፣ ማዳም ብላንዲን ራሳቸው ናቸው። ሙሴ ኦሬል በሠርጋቸው ዕለት አሰሩት፤ ከዚያ ወዲያ ለአርባ አንድ ዓመት ክንዳቸው ላይ ሆኖ እንጨት ፈለጠ፣ ወንዝ ዳር ዓሣ ጠበቀ፣ በየአምስት ዓመቱም በገዛ ጌታው እጅ ተፈትቶ ታጠበ። ሊያርፉ በቀረቡበትም ሳምንት ሙሴ ኦሬል አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፦ «ሳጥን ውስጥ እንዳታስተኚው፣ ዘይቱ ይረጋል። ክንድ ፈልጊለት።»

ማዳም ብላንዲንም ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለጉለት ክንድ የራሳቸውን ነበር። የወንዱን ሰዓት፣ በማሰሪያው ሁለት ቀዳዳ ጨምረው፣ በቀጭን ክንዳቸው ላይ አሰሩት፤ ቀንም አልፈቱትም፣ ሌሊትም አልፈቱትም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮው ከዜናው በፊት ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ሲል፣ ሰዓቱ አራት ሰከንድ ቀርቶ ይገኛል። እርሳቸውም የመሙያ ቁልፉን ስበው ያቆሙታል፤ አስተካክለውም ይለቁታል። ይህን ሲያደርጉ ዜናው ግማሽ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ምን እንደ ሆነ አይሰሙም።

አራቱ ሰከንዶች ምን እንደ ሆኑ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቀዋል። የሰዓት ሽቦ የገራ እጅ ይህን አያጣውም። ማንኛውም ሰዓት በክንድ ላይና በጠረጴዛ ላይ፣ ተኝቶና ቆሞ፣ አንድ ዓይነት አይሄድም። ሙሴ ኦሬል ሌሊት ሌሊት ሰዓቱን ፈትተው፣ የመሙያ ቁልፉን ወደ ላይ አድርገው፣ በውሃ ብርጭቆ አስደግፈው በጎኑ ያቆሙት ነበር። እንዲያ ቆሞ ሲያድር ጥቂት ይፈጥናል፤ ቀን በክንድ ላይ ያጎደለውን ሌሊት ቆሞ ይከፍላል። ፍጥነቱን የምትገዛዋን ትንሿን ዘንግም ሙሴ ኦሬል ያቆሟት በዚሁ ልክ ነው። አሁን ግን ሰዓቱ ሌሊትም ከክንድ አይወርድም፤ ያጎደለውን የሚከፍልበት ሌሊት አጣ። አራቱ ሰከንዶች በአንድ ሰው ልማድና በሌላ ሰው ልማድ መካከል ያለው ርቀት ናቸው። ማዳም ብላንዲን ሁለት ሌሊት በብርጭቆው አስደግፈው ሊያሳድሩት ሞክረው ነበር፤ ባዶ ክንዳቸው እንቅልፍ ነሳቸው።

ስለዚህ ኦሬል እንዳዘዙት ሌላ ክንድ ያገኝ ዘንድ እንዲሸጥ ቆረጡ። አንድ ነገር ብቻ አልፈቀዱም፤ ያቺን ትንሽ ዘንግ ማንም እንዳይነካት። የኦሬል ጣት ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈው በእርሷ ላይ ነው። ይህን ግን በወረቀት ላይ አልጻፉም፤ ለማንም አልተናገሩም።

በዕለተ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቤታቸው ተከበበ።

በመጀመሪያ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው፣ ጠርዝ የማያልፉ፣ መስመር የማያንጋድዱ፣ ሙሴ ሌዎፖልድ ካላም በከዘራቸው መጡ። ቀጥሎም የመቆለፊያ ጌታ፣ የማይታመን ሁሉ ጠላት፣ ሙሴ አሚ ሳንዶ፣ የሰዓት ትርታ የምታደምጠውን ሃያ ኪሎ መኪናቸውን በፍግ ጋሪ ላይ ጭነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሽቅብ እየገፉ ደረሱ። ከእነርሱም ኋላ ብሎን ሲወለውሉ ያረጁት ሁለቱ እኅትማማቾች፣ ከእነርሱም ኋላ ዘይት ጨማሪው፣ ከዘይት ጨማሪውም ኋላ ምንም ሙያ የሌለው ነገር ግን ከበባ የማያመልጠው የደብሩ ደወል ደዋይ፤ ሁሉም ካቻቢቴያቸውን በደረት ኪሳቸው ሰክተው፣ የጎማ ጫማቸውን በደጃፉ አራግፈው ገቡ። በመጨረሻም ማንም ልብ ያላለው፣ ቆቡን በእጁ የያዘ አንድ እንግዳ በበሩ ሥር ቆመ።

ሙሴ ሌዎፖልድ ገና ሳይቀመጡ አወጁ፦ «አንቺ ብላንዲን! እኔ የሣልኩትን ፊት በአደባባይ አዋረድሽው። ሰው ዘገየ ሲባል የሚታየው ሆዱ ነው ወይስ ፊቱ?»

«ፊቱ ምንም አልሆነም ሙሴ ሌዎፖልድ። እንደውም እንደ እርስዎ ፊት አላረጀም።»

«እሱማ በመስታወት ተሸፍኖ ነዋ! እኔን ማን ሸፈነኝ?»

«በቃ፣ ወግ አታብዙ» አሉ ሙሴ አሚ መኪናቸውን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፉ። «አራት ሰከንድ እኮ ናት። የኔ መቆለፊያ ያለበት ሰዓት አራት ሰከንድ ይዘገያል ተብሎ ተለጥፎ እኔ ማክሰኞም ረቡዕም አልተኛሁም። ብላንዲን፣ ፍቺና አምጪው።»

ማዳም ብላንዲን እንግዳን ከደጅ መመለስ አልለመዱም። ሰዓቱንም ፈትተው ሰጡ። ክንዳቸው ላይ ነጭ ቀለበት ቀረ፤ እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡ።

ሙሴ አሚ ሰዓቱን በመኪናዋ ጆሮ ላይ አስተኙት፤ ከዚያም በጎኑ አቆሙት። መኪናዋም ትርታውን እየሰማች ረጅም ወረቀት ተፋች። ሙሴ አሚ ወረቀቱን አነበቡ፤ ደግመውም አነበቡ።

«ተኝቶ ይዘገያል። ቆሞ ይፈጥናል። ይሄ ሰካራም ነው እንጂ ሰዓት አይደለም!»

«ታዲያ እንደ መቆለፊያው ጌታ ነዋ» አሉ ሙሴ ሌዎፖልድ። «አንተ ስትቆም ነው የምትፈጥነው፤ ሥራ ላይማ ተኝተህ ነው የኖርከው።»

እኅትማማቾቹ ሳቁ። ሙሴ አሚ ግን አልሳቁም፤ የጀርባውን ክዳን በሦስት ዙር ፈቱ። በክዳኑም ውስጥ በመርፌ የተጫሩ ስምንት ጥቃቅን ቀኖች ነበሩ፤ ሰዓት ያጠበ ሰው ቀኑን በውስጥ በኩል ይጭራል፣ ከሌላ ሰዓት ሠሪ በቀር የሚያየው የለም። ስምንቱም በአንድ እጅ ተጭረዋል፤ ስምንተኛው ከሌሎቹ ጥቂት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙሴ አሚ ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። ነገር ግን የባለሙያ ኩራት ከባድ ነውና ካቻቢቴያቸውን መልሰው አነሡ።

«ኦሬል ጥሩ ሰው ነበር። እጁ ደክሞ ይሆናል። ይቺን ዘንግ በጸጉር ስፋት ብቻ ገፋ ሳደርጋት ይስተካከላል፤ ሻይሽ ሳይፈላ እጨርሰዋለሁ።»

በዚያች ቅጽበት፣ ጫፉ ከዘንጓ የሩዝ ፍሬ ያህል በቀረው ጊዜ፣ ማዳም ብላንዲን ዱኮመን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት፣ አሁንም ከፍ ሳያደርጉት፣ እጃቸውን ዘርግተው በካቻቢቴውና በሰዓቱ መካከል አኖሩት። ብረቱም አውራ ጣታቸውን ወጋው። አንዲት የደም ነጥብ ወጣች። በላ ኮምብ ከበባ የፈሰሰው ደም ይህ ብቻ ነው።

«አሚ፣ ተወው።»

«ምን ነካሽ? ላስተካክልልሽ እኮ ነው!»

«አስተካክልልኝ አላልኩህም። በወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ይዘገያል ብዬ ነው። ይዘገያል።»

«ተስተካክሎ ቢሸጥ አይሻልም?»

«አይሻልም።»

ማዳም ብላንዲን ክዳኑን ከሙሴ አሚ ፊት አነሡ፤ በቦታው ገጠሙት፤ ሦስቱንም ዙር በገዛ እጃቸው አጠበቁት። ጋሪውን ሽቅብ የገፉት ሙሴ አሚ እንደ ተሸነፈ ጦር መኪናቸውን በብርድ ልብሱ መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። በዚህም መካከል ከበሩ ሥር ድምፅ ተሰማ፦

«ይቅርታ አድርጉልኝ... እኔ እንኳ ሰዓቱን ልገዛ ነበር የመጣሁት።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ወረቀቱን ያነበበ ሁሉ የመጨረሻውን መስመር ይዞ የመጀመሪያውን ረስቶ ነበርና፣ ለሽያጭ የቀረበ መሆኑን ያስታወሰ ይህ ሰው ብቻ ነበር።

ስሙ ቴዎፊል ጆበን ይባል ነበር፤ ከሶቢዬ ሸለቆ ላ ኮምብ ድረስ የሚመላለሰው የቢጫው አውቶቡስ ሾፌር። «በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ላገባ ነው» አለ ቆቡን እያሽከረከረ። «ሱፉን እሷ መረጠች። ጫማውንም እሷ መረጠች። ሰዓቱን ግን ራስህ ምረጥ አለችኝ። ይቺን እንኳ እንዳላበላሽ ብዬ ነው።»

«ከሶቢዬ?» አሉ ሙሴ ሌዎፖልድ። «የደወል ሠሪ ልጅ ሰዓት ምን ይሠራለታል? ላሟ ስትነሣ ይሰማው የለ!»

«እውነትዎን ነው አባት። ደወላችን ግን ዘገየ ተብሎ በር ላይ ተለጥፎ አያውቅም።»

እኅትማማቾቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ማዳም ብላንዲንም አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ስለ አራቱ ሰከንድ አይጠይቁኝም?» አሉት።

«እኔን ሰው የሚሰድበኝ አራት ደቂቃ ስዘገይ ነው ማዳም። ለሰከንድ የሚሆን ስድብ በኛ አገር ገና አልወጣም።»

ስለዚህ ማዳም ብላንዲን እንደ አገሩ ሥርዓት አወጁ። በላ ኮምብ ሰዓት ሰባት ሌሊት ከገዢው ቤት ሳያድር አይሸጥም። ቴዎፊል በዕለቱ የሬዲዮ ምልክት አስተካክሎ ይውሰደው፤ ይሰር፤ እንደ ልማዱ ይኑር። ክዳኑን ግን ማንም እንዳይከፍት። በሰባተኛው ቀን በፎርማጆ ቤት፣ በሬዲዮው ምልክት ይታያል። ሙሴ አሚም በበሩ ላይ ቆመው የራሳቸውን አዋጅ ጨመሩ፦ «ሃያ ስምንት ሰከንድ! በሳምንት ሃያ ስምንት ሰከንድ ይቀራል። ያኔ ጋሪዬን ይዤ እመለሳለሁ፤ ማንም አያቆመኝም!»

ስለ እነዚያ ሰባት ቀናት ብዙ አልተጻፈም። በማዳም ብላንዲን ቤት ሬዲዮው አልተከፈተም። እሑድ የዶሮዎቹን ቤት አጠቡ፤ ሰኞም መልሰው አጠቡት።

በሰባተኛውም ቀን፣ በዳግማዊ ፊርሚን አደባባይ፣ ሬዲዮው በትልቁ የፎርማጆ ክብ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡም ተሰበሰበ። ውሃ ሲነካው ወተት የሚመስለው የአሪቲ አረቄ በትንንሽ ብርጭቆ ዞረ። ቴዎፊል እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሙሴ አሚ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ሙሴ ሌዎፖልድም ያንን የራሳቸውን ፊት ከቅርብ ያዩ ዘንድ በከዘራቸው መንገድ ጠረጉ። ሬዲዮው ጢጥ አለ፤ ጢጥ አለ፤ በመጨረሻዋም ምልክት የሰከንዱ ቆጣሪ በላይኛው መስመር ላይ ልክ ቆሞ የነበረ መሰለ፤ ወዲያውም አለፈ። አንዲት ሰከንድ አልጎደለም። አንዲትም አልተረፈም።

«አስከፍተኸዋል!» ብለው ጮኹ ሙሴ አሚ። «በሶቢዬ አስከፍተህ አስነክተኸዋል!»

«ጌታዬ፣ በሶቢዬ የሚከፈተው ጠርሙስ ብቻ ነው።»

ማዳም ብላንዲን ወደ ፊት ቀረቡ። ፊታቸው እንደ ልማዳቸው ጸጥ ያለ ነበር። «ሙሴ ቴዎፊል፣ ሌሊት ሲተኙ ሰዓቱን የት ያሳድሩታል?»

«የትም አይደል፤ እዚያው አልጋዬ አጠገብ። የውሃ ብርጭቆ አለችኝ፣ በእሷ አስደግፌ በጎኑ አቆመዋለሁ። ቁልፉ ወደ ላይ ሲሆን ፊቱ ወደኔ ይዞራል፤ ራሴን ሳላነሣ አየዋለሁ። ምነው፣ ያበላሸዋል?»

ሙሴ አሚ አንድ ጊዜ ሰዓቱን፣ አንድ ጊዜ ማዳም ብላንዲንን አዩ፤ መኪናቸው የተፋችው ወረቀት ነገር፣ ተኝቶ መዘግየቱ፣ ቆሞ መፍጠኑ፣ ሁሉም ዘግይቶ ገባቸው።

«ኦሬልም... ኦሬልም እንዲህ ነበር የሚያሳድረው?»

«አርባ አንድ ዓመት።»

ሙሴ አሚ ሳንዶ፣ ሳይከራከሩ ውለው የማያውቁት፣ ቆባቸውን አወለቁ። «እጁ አልደከመም ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ ይህም በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ያወጁት የመጀመሪያው የሽንፈት አዋጅ ነው።

ሽያጩም ተፈጸመ። ማዳም ብላንዲን ሳጥኑን ባቀረቡ ጊዜ ሙሽራው «ሳጥን ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ለማስረጃ ይያዙት» አሉት። «እዚያ ውስጥ ግን እንዳያስተኙት።» ቢጫው አውቶቡስም በቁልቁለቱ ወረደ፤ ሾፌሩም በመታጠፊያው ላይ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ አወዛወዘ፤ ሰዓቱም ተሞላ።

በማግስቱ፣ በዕለተ እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ማዳም ብላንዲን ሬዲዮውን ከፈቱ። ምልክቱ ሲመጣ ቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ክንዳቸው ሄደ፤ ነጩንም ቀለበት አገኘው። የሚታረም ነገር አልነበረም። እጃቸውን በዚያው በክንዳቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ፤ ከሁለት ዓመትም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

እንግዲህ ክብር ለሽቦ ገሪዋ፣ ምስጋና ለመንኮራኩር አስታራቂዋ፣ በአውራ ጣታቸው ካቻቢቴ ለመለሱት፣ በአንዲት የደም ነጥብ ከበባ ለሰበሩት፣ አራቱን ሰከንዶች ሁለት ዓመት በክንዳቸው ጠብቀው፣ አንዲቱን እንኳ ሳያጎድሉ፣ ለሚገባው ክንድ ላስረከቡት። ነገሥታት አገር ይጠብቃሉ፤ ሠራዊትም ድንበር ይጠብቃል። እርሳቸው የጠበቁት ከዚያ ያነሰ ነገር ነበር፤ ግን ሳይሸራረፍ አስረከቡት። ስማቸውም በፎርማጆ ቤት በር ላይ ወረቀቷ ተቀድዳ ከወደቀች በኋላ እንኳ «ዐቃቢተ ሰዓት ብላንዲን» ተብሎ ይጠራ፤ ደወል በሶቢዬ እስከሚደወል፣ ፎርማጆም በላ ኮምብ እስከሚበስል ድረስ፣ አሜን።